«ሆስፒታሉ ተሻሻለ» ሲባል ማን ዳነ?

የባሕር ዳር ሆስፒታሎች ዜና ስልካችን ላይ የሚደርሰን ብዙ ጊዜ በፎቶ ነው። አዲስ ማሽን ገባ፣ አዲስ ክፍል ተመረቀ፣ ይሄን ያህል ባለሙያ ሠለጠነ። ደስ ይላል፣ እኛም ላይክ አድርገን እናልፋለን። ከፎቶው ሥር የማይጻፍ አንድ ነገር ግን አለ፦ ከዚያ ወዲህ የሚሞተው ታካሚ ቀነሰ ወይ?

ጥያቄው ተንኮል የለበትም። የአገሪቱን ቁጥር እንይ። እ.አ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳገኘው፣ ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተካሄዱት 26 ነበሩ። በ2019 በተደረገው አነስ ያለ ጥናት 48 ደረሱ። እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው! በተወለዱ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱትስ? በ2016 ከ1000 ሕፃናት 29፣ በ2019 ደግሞ 33። ሁለቱም ከናሙና የተገኙ ቁጥሮች ስለሆኑ «ሞት ጨመረ» ብሎ መደምደም አይቻልም። «ቀነሰ» ማለት ግን ጭራሽ አይቻልም። እናቶቹ መጥተዋል። በሩ ላይ ከደረሱ በኋላ የተደረገላቸው ነገር ነው መታየት ያለበት። ለእኛ ደግሞ ጉዳዩ ቅርብ ነው፦ በ2016ቱ ጥናት የአማራ ክልል የጨቅላ ሕፃናት ሞት ከ1000 47 ነበር፣ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው።

«እሺ፣ እያንዳንዱ ሆስፒታል የሞተበትን ሰው ቆጥሮ ይንገረና!» ትሉ ይሆናል። ነገሩ እዚህ ላይ ይወሳሰባል።

ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሌላው ጤና ተቋም ያልቻለው ታካሚ ሪፈር ተብሎ የሚመጣባቸው ሆስፒታሎች ናቸው። እንበል፣ ደቅ ደሴት ላይ ምጥ የጠናባት እናት አለች። ጀልባ ካልተገኘ እዚያው ትሞታለች፣ የባሕር ዳር ሆስፒታል መዝገብ ላይም ስሟ አይገባም። ጀልባው ተገኝቶ፣ አምቡላንሱ ወደቡ ላይ ጠብቆ፣ በጣም ደክማ ብትደርስና ሕይወቷ ቢያልፍ ግን ሞቱ የሆስፒታሉ ሞት ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ የሪፈር ሥርዓቱ ሲሻሻል የሆስፒታሉ ቁጥር ሊከፋ ይችላል። የዚህ ተቃራኒም አለ። መንገድ ሲዘጋ የባሰበት ታካሚ ሳይደርስ ይቀርና የሆስፒታሉ ቁጥር «ያምራል»። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በክልሉ ግጭት አለ፣ ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ነበር። ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ «ተሻሻለ» ወይም «ወደቀ» የሚል ሰው ካያችሁ ተጠንቀቁ። ማን እንደመጣና ምን ያህል ታሞ እንደመጣ ሳይታወቅ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም።

ሌላው ወጥመድ ሁለት ቁጥር ብቻ ማየት ነው። አንድ ክፍል ውስጥ በጣም መጥፎ ወር ያልፋል፣ አለቆች ይደነግጣሉ፣ አዲስ መመሪያ ይወጣል፣ በቀጣዩ ወር ሞት ይቀንሳል። መመሪያው ነው ያዳናቸው? ላይሆን ይችላል። መጥፎ ወር ሲያልፍ ቁጥሩ በራሱ ወደ ተለመደው ይመለሳል። ለዚህ ነው የጥራት ባለሙያዎች በየወሩ አንድ ነጥብ እያስቀመጡ ግራፍ የሚሠሩት። መሃል ላይ መስመር ይሰመራል። ነጥቦቹ ከመስመሩ ከፍ ዝቅ ሲሉ የተለመደ ነው፣ ስድስት ወር ተከታትለው ከመስመሩ በታች ከዋሉ ግን የሆነ ነገር ተለውጧል። ከባድ ሒሳብ አይደለም፣ እስክሪብቶና ወረቀት ይበቃዋል።

እስኪ የቀዶ ሕክምናውን ቼክሊስት ተመልከቱ፣ ታሪኩ ይገርማል። በ2009 የታተመ፣ በስምንት አገሮች ባሉ ስምንት ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት፣ የዓለም ጤና ድርጅት ቼክሊስት ከገባ በኋላ ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ እንደወረደ አሳየ። ዓለም ተቀበለው። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት ከ100 በላይ ሆስፒታሎች ታዩ፤ ቼክሊስቱ ሁሉም ጋ ገብቷል፣ ይህ ነው የሚባል የሞት ቅናሽ ግን አልተገኘም። ብዙዎች ወረቀቱ ላይ ምልክት ማድረግና ሥራውን መሥራት የተለያዩ መሆናቸውን እንደ ምክንያት አነሱ። ለእኔም ይሄ ነው አሳማኙ።

የኛ አገር ሰዎች በዚህ በኩል የሚያኮራ ነገር አላቸው። ላይፍቦክስ የሚባለው ድርጅት ከኢትዮጵያውያን ሐኪሞችና ነርሶች ጋር በአምስት ሆስፒታሎች በሠራው ሥራ፣ ወረቀቱ መሞላቱን ብቻ ሳይሆን መሣሪያው በትክክል መቀቀሉን፣ እጅ መታጠቡን፣ መድኃኒቱ በሰዓቱ መሰጠቱን፣ ጎዙ መቆጠሩን አዩ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣው የቁስል ኢንፌክሽን በሲሶ ገደማ ቀነሰ። ምን ያህል እንደነበረ ቀድመው ለክተው ስለነበር ነው ይህን ማለት የቻሉት።

የቁስል ኢንፌክሽን የሚቆጠረው ደግሞ እስከ 30 ቀን ነው። በኦፕራሲዮን የወለደች እናት በሦስተኛ በአራተኛ ቀኗ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ገጠር ትመለሳለች። መዝገቡ ላይ «ተሽሏት ወጣች» ይላል። በአሥረኛው ቀን ቁስሉ ቢመግል የምትሄደው እቤቷ አጠገብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው፣ ወይም የትም አትሄድም። ሆስፒታሉ አያውቅም፣ ስለዚህ «ኢንፌክሽን የለም» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። ይዋሻል እያልኩ አይደለም፣ በእርግጥም አላየም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ፍርሃት ነው። ኢትዮጵያ በ2013 የእናቶችን ሞት እየመዘገበች ምክንያቱን የምትመረምርበት ሥርዓት ጀምራለች። ሥርዓቱ የሚለው ሰው ለመቅጣት ሳይሆን ለመማር ነው። ነገር ግን ሞት የመዘገበ ክፍል ስብሰባ ላይ የሚዋረድ ከሆነ፣ በቀጣዩ ሩብ ዓመት ሞቱ ባለበት ይቀጥላል፣ መዝገቡ ላይ ያለው ግን ይቀንሳል። እኛም የበኩላችንን እናበላሻለን፦ አንድ ሆስፒታል በድፍረት የሞት ቁጥሩን ቢያወጣ በአንድ ምሽት ስክሪንሾት አድርገን የምናዋርደው እኛው ነን።

ስለዚህ በሚቀጥለው የምረቃ ፎቶ ሥር ከእሳቱ ኢሞጂ ጋር አንድ ጥያቄ ጣል አድርጉ፦ ባለፉት 12 ወራት ነጥቡ በየወሩ የት ላይ ነበር? ከሆስፒታል የወጡትን እናቶች በ30ኛው ቀን ማን ደወለላቸው? ለዚህኛው የሚያስፈልገው አንዲት ነርስ፣ አንድ ስልክና የካርድ ብር ነው።