«በዕድሜያቸው ምን ይጠበቃል?»

የትኛው ዕድሜ? አክስቴ የሳንባ ምች ጠንቶባቸው ድንገተኛ ክፍል ስናስገባቸው ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ በመስኮቱ «ዕድሜ?» አለች። ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ፣ እኔም ወደ እሱ። «ሰማንያ በያቸው» አላት። ጻፈችው። የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለው 71 ነው፤ እሱም ቢሆን የግምት ነው። ማታ ተረኛው ሐኪም ካርዱን ገለጥ አድርጎ «ሰማንያ ዓመት እኮ ናቸው፤ የመተንፈሻ ማሽን ላይ ማውጣት ማሠቃየት ነው» አለን። የጽኑ ሕሙማን አልጋው ሞልቶ ቢሆን እሺ ባልኩ። ባዶ ነበር! ወንድሜ በአፉ እንዳመጣለት የጠራት ቁጥር ፍርድ ሆና አረፈች። አክስቴም አረፉ።

ዕድሜ ለውጥ አያመጣም እያልኩ አይደለም፤ ያመጣል። የሳንባ ምች ሲጠና የሳንባው የአየር ከረጢቶች በፈሳሽ ሊሞሉና ኦክስጅን አልገባ ሊል ይችላል፤ ሐኪሞች ኤ.አር.ዲ.ኤስ የሚሉት አጣዳፊ የሳንባ ጉዳት ይህ ነው። ሲያትልን ባቀፈው ኪንግ ካውንቲ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ጥናት በዚህ ጉዳት ከተያዙ ከ15 እስከ 19 ዓመት ወጣቶች 24 በመቶው፣ 85 ከሞላቸው ደግሞ 60 በመቶው መሞታቸውን አሳይቷል። አስደንጋጭ ነው። ግን እስቲ ገልብጣችሁ አንብቡት፤ ከመቶ የ85 ዓመት አዛውንት አርባው በሕይወት ወጥተዋል። የኛ ሰው ግን ገና በ71 ዓመቱ ሬሳ ነው!

ይበልጥ የሚያበግነኝ ሌላ ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ፣ በዚሁ ጉዳት በተያዙ 902 ሕሙማን ላይ የተሠራ። 70 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት እስከ 28ኛው ቀን በሕይወት የቆዩት ግማሽ ያህሉ ሲሆኑ ከ70 በታች ከሆኑት ሦስት አራተኛው ተርፈዋል። ከተረፉት መካከል ግን የአዛውንቶቹ ሳንባ ያገገመው በዕድሜ ከሚያንሷቸው ጋር በተቀራረበ ፍጥነት ነው። የዘገየው ከማሽኑ መላቀቁና ከጽኑ ሕሙማን ክፍል መውጣቱ ነው። በአልጋ ላይ የቀለጠ ጡንቻ፣ የደከመ ድያፍራም፣ በማደንዘዣ ብዛት የሚመጣ መቃዠት ያዘገያቸዋል። ከእነዚህ ስንቱ የእርጅና ሥራ ነው? ማደንዘዣውን የሚቀንስ፣ በየቀኑ በራሳቸው እንዲተነፍሱ የሚሞክር፣ ደግፎ የሚያስቀምጣቸው ባለሙያ ሲጠፋ ጥፋቱን የሚሸከመው የልደት ዘመናቸው ሆኗል።

«አገራችን ድሃ ናት» እንዳትሉኝ። በዚሁ ጉዳት በተያዙ 861 ሕሙማን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ጥናት በማሽኑ የሚገፋውን አየር መጠን መቀነስ ብቻ ሞትን ከ39.8 ወደ 31 በመቶ አውርዷል። መጠኑ የሚሰላው በቁመት ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ስንት ነው? አክስቴን ግን ማንም አልለካቸውም። በፈረንሳይና በስፔን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ደግሞ ክፉኛ የታመሙትን በቀን ቢያንስ 16 ሰዓት በሆዳቸው ማስተኛት ሞትን በግማሽ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ ከ32.8 ወደ 16 በመቶ። ለዚህ የሚያስፈልገው ቱቦውን ሳይነቅሉ ሰው የሚያገላብጡ የሠለጠኑ እጆች ናቸው።

ማሽን ስቃይ ማራዘሚያ ብቻ የሚሆንበት ሰው መኖሩን አውቃለሁ። ያ ሰው የሚታወቀው ግን ከሕመሙ በፊት እንዴት እንደኖረ ቤተሰቡ ሲጠየቅ ነው። ራሳቸው ይበሉ ነበር? ይለብሱ ነበር? አክስቴ ሊታመሙ ሳምንት ሲቀራቸው እንጀራ ጋግረዋል። ማንም አልጠየቀንም።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ጣልያን በኮሮና ስትጨነቅ የማደንዘዣና የጽኑ ሕክምና ሐኪሞቿ ማኅበር፣ አልጋ ካጠረ የዕድሜ ገደብ ማስቀመጥ ሊያስፈልግ እንደሚችል የሚገልጽ ሰነድ አወጣ። ዓለም ጮኸባቸው፤ እኔም ጮኼአለሁ። ቢያንስ እነሱ በወረቀት አስፍረው በስማቸው አወጡት። እኛ ዘንድ ኮሪደር ላይ ይንሾካሾካል። አዛውንትን ከማሽን የከለከለ ሐኪም ምክንያቱን ካርዱ ላይ ይጻፍ፣ ከሥሩም ይፈርም፤ ከምክንያቶቹ አንዱ «ዕድሜ» ከሆነም ዕድሜውን ማን እንደነገረው ጨምሮ ይጻፍልን።