ጥፋቱ የአፈሩ አይደለም

ተማሪዎች ሆይ! በሞጣ ወይም በቢቸና የክረምቱን ዝናብ ተማምኖ በሰኔ ቲማቲም የተከለ ሰው፣ በነሐሴ ቅጠሉ ጠቁሮ ፍሬውም ሳይቀላ ሲበሰብስ ቢያይ፣ «ምች መታው፤ የእኛ አፈር ለቲማቲም አይሆንም» ማለቱ አያስደንቅም። በዚህ ተስፋ የቆረጠች እናትም ለጾም ወጧ የሚሆነውን ቲማቲም ሁልጊዜ ከገበያ መግዛት ግድ ይሆንባታል። በእኔ አስተያየት ግን ጥፋቱ የአፈሩ አይደለም፤ የመትከያው ጊዜና የአያያዙ ነው።

ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ክረምቷ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ቲማቲምን ከሚያጠፉት በሽታዎች ዋነኛው የሚስፋፋውም በእንዲህ ያለው አየር ነው። የበሽታው ብናኝ ዘር በነፋስ ተጉዞ እርጥብ ቅጠል ላይ ሲያርፍ ይበቅላል፤ ቅጠሉ ደረቅ ከሆነ ግን ሊበቅል አይችልም። ይኸው በሽታ ድንችንም ያጠፋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1845 አየርላንድ ገብቶ የድንቹን ሰብል ባወደመ ጊዜ፣ በተከታዮቹ ዓመታት በረኃብና በረኃቡ ሳቢያ በመጣ ሕመም አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አልቋል። ስለዚህ ቲማቲምን ከድንች አጠገብ፣ ወይም አምና ድንች በነበረበት መደብ ላይ መትከል በሽታን በገዛ እጅ መጥራት ነው።

ታዲያ መቼ ይተከል? በታኅሣሥ መጨረሻ ዘሩን በችግኝ መደብ ላይ ዘርቶ፣ ሌሊት ሌሊት ከውርጭ በሣር ከልሎ፣ ችግኙን በየካቲት ማዛወር ይሻላል። ያን ጊዜ ብርዱ ይቀንሳል፤ ፍሬውም ከባዱ ዝናብ ሳይገባ በግንቦት ይደርሳል። በመስመርና በመስመር መካከል 1 ሜትር፣ በችግኝና በችግኝ መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ይተው፤ ግንዱ በእንጨት ይደገፍ፤ ውኃውም ማለዳ ከሥሩ ይጠጣ እንጂ በቅጠሉ ላይ አይርከፍከፍ። የታመመ ቅጠል ሲገኝ ተቆርጦ ይቃጠል።

«በበጋ ውኃ ከየት ይመጣል?» ብሎ የሚቃወመኝ ይኖር ይሆናል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ውኃ የመቅዳቱ ሸክም በሴቶች ልጆች ጀርባ ላይ መውደቁን አውቃለሁና። ነገር ግን እኔ የምለው ስለ ሰፊ እርሻ ሳይሆን ስለ አሥር እግር ቲማቲም ነው። እህልና አትክልት የታጠበበት ሳሙና ያልነካው ውኃ ይጠራቀም፤ የተክሉ ሥር በሣር ጉዝጓዝ ይሸፈን፤ እርጥበቱ ይቆያል። የሚጎድለውን ውኃ ደግሞ ወንዶች ልጆች ይቅዱ፤ ቲማቲሙን ሁሉም ይበላዋልና።

ምክንያቱን ሳይመረምር አፈሩን የሚወቅስ ሰው ጓሮው ባዶ ይቀራል። እናንተ ግን የእኔንም ቃል ቢሆን ሳትመረምሩ አትቀበሉ። አምስት እግር በየካቲት፣ አምስት እግር በሰኔ ተክላችሁ ያያችሁትን በደብተራችሁ መዝግቡ። ፍርዱን ጓሯችሁ ይሰጣል።