ስለ ዮጋ የተነሳው ወሬ



ጠዋት ጠዋት ወጣቶች በማኅበሩ ግቢ የሚሠሩትን ዮጋ አንዳንዶቻችን «ባዕድ አምልኮ ነው፤ ይከልከል» እያልን ነው። እኛ ግን ነገሩ ሳይጣራ አይከለከልም እንላለን።

ዮጋ ከህንድ አገር የመጣ ነው፤ በአገሩም የመንፈስ ሥርዓት መሆኑ አይካድም። ገላን መዘርጋት፣ ትንፋሽን ማዘግየት፣ ሐሳብን መሰብሰብ፤ ሦስቱ አብረው ይሄዳሉ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም በ2007 ዓ.ም. ሰኔ 14 የዮጋ ቀን እንዲሆን ወስኗል።

ለእኛስ ይህን ያህል እንግዳ ነው እንዴ? በሰሙነ ሕማማት ወገባችን እስኪዝል የምንሰግደው እኛው አይደለንም? ጎንደር በዓታ አቋቋም የሚማር ተማሪ መቋሚያ ይዞ ሲያሸበሽብ እግሩ፣ ድምፁና ልቡ አንድ ላይ ካልሄዱ ይበላሽበታል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በቀን 5 ጊዜ ይሰግዳሉ። ስግደት ለፈጣሪ ነው፤ ከስፖርት ጋር አናምታታው። ገላ ሲገራ ሐሳብም እንደሚሰበሰብ ግን ከጥንት የምናውቀው ነው።

ስለዚህ የህንዱ ጸሎት ይቅር፤ ትንፋሹ ይቆይ። በአፍንጫ ቀስ ብሎ ማስገባት፣ ረዘም አድርጎ ማስወጣት፤ የልብ ምት ረገብ ይላል። የሳንጃ ፀሐይ ሳይበረታ ይሠራ። ነፍሰ ጡርና ደም ብዛት ያለበት ሰው ግን ጭንቅላቱን አይዘቅዝቅ፤ መድኃኒቱንም እንዳያቋርጥ። ቅሬታ ያለው እሑድ ከስብሰባው መጥቶ ይናገር እንጂ በየደጁ አያውራ።

የማኅበሩ ጸሐፊ