ክለብ የሚሠራው በክረምት ነው

ሐምሌ ለኳስ ደጋፊ የጭንቅ ወር ነው። የፕሪምየር ሊጉ ዋንጫ ባለቤቱን አግኝቷል፤ በከፍተኛ ሊጉ ያለፈውና የወረደው ተለይቷል፤ የእንግሊዝ ሊግ እስከ ነሐሴ አይጀምርም። እዚህ ሚዛን ደግሞ ዝናቡ አለ። ሜዳው ላይ ውኃ ተኝቷል፤ ከማሻ እስከ ቴፒ፣ ከቴፒ እስከ ሚዛን ሰው ጃንጥላውን ሳይጥል ይውላል። ቡና ይዘን ስንቀመጥ ወሬው የዝውውር ነው። ማን ፈረመ? ማን ለቀቀ? የትኛው ክለብ በጀቱ ጸደቀለት? የትኛውስ ይፈርሳል?

እኔ በአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ እሸት ቡና መዝኜ የምረከብ ሰው ነኝ። በለቀማ ወራት ቀንና ሌሊቱ አይለይልኝም። በበበቃና በቴፒ ቆላማ ማሳዎች ቡናው ቀድሞ ይቀላል፤ ደጋው ይከተላል፤ መኪናው በማታ ይመጣል፤ ገበሬው ቡናው ሳይበላሽበት ተመዝኖለት መሄድ ይፈልጋል። ክረምት ሲገባ ግን ጣቢያው ጭር ይላል፤ ለማሰብም ለመከራከርም ጊዜ አገኛለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው በዚህ ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር ስንከራከርበት የቆየንበትን፣ እኔም በሙሉ ልቤ የማምንበትን ነገር ነው።

ሁለት ቡድን እደግፋለሁ፤ ሁለቱም ቡና ናቸው። አንዱ ኢትዮጵያ ቡና ነው። በ2003 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ እየተመራ የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ፣ በ2013 ዓ.ም. አቡበከር ናስር በአንድ የውድድር ዘመን 29 ግብ አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ ደስታው ከአዲስ አበባ እኛ ድረስ ደርሷል። ሌላው የአካባቢያችን ቤንች ማጂ ቡና ነው። በከፍተኛ ሊግ ስማችንን ያስጠራ፣ ከቦንጋ ከፋ ቡና ሲመጣ ከተማውን ሁሉ ወደ ሜዳ ያወጣ ቡድን ነው። የመጀመሪያውን በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ወደድኩት። ሁለተኛውን ከሜዳው ዳር ቆሜ፣ ተጫዋቾቹን በስማቸው እየጠራሁ ነው የወደድኩት። ሁለቱ ፍቅር እኩል አይደለም፤ በዓይን ያዩት ይበልጣል።

ታዲያ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በ2013 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ፕሪምየር ሊጉ አዲስ አበባን፣ ጅማን፣ ባሕር ዳርን፣ ድሬዳዋንና ሐዋሳን በመሳሰሉ የተመረጡ ከተሞች ተሰባስቦ መካሄድ ጀመረ። ከፍተኛ ሊጉም ይህንኑ መንገድ ያዘ። አሠራሩ የራሱ ምክንያት አለው። የጉዞ ወጪና ድካም ይቀንሳል፤ ለቴሌቪዥን ስርጭት ይመቻል፤ ደረጃውን ያሟላ ሜዳም በየከተማው የለም። እነዚህን ምክንያቶች አልንቅም። ውጤቱ ግን ለእኛ ከባድ ነው። ቡድናችን በሌላ ከተማ ሜዳ፣ በማያውቀው ተመልካች ፊት ይጫወታል። የሚዛን ልጅ የሰፈሩን ቡድን ማልያ በዓይኑ ሳያይ ዓመቱ ያልቃል። ለሌላው ደጋፊ ኳስ የሚጠፋው በክረምት ነው፤ ለእኛ ግን በጋውም ክረምት ሆኗል።

ደጋፊው ካልታየ ክለብ በምን ይቆማል? በአገራችን አብዛኞቹ ክለቦች የሚኖሩት ከከተማ፣ ከዞንና ከክልል አስተዳደር ወይም ከመንግሥት ተቋም በሚመደብ ገንዘብ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሐምሌ 1 አዲሱ ይጀምራል። የተጫዋቾች ውልም በአብዛኛው አጭር ስለሆነ በዚሁ ወቅት ያልቃል። ምክር ቤቱ በጀቱን እስኪያጸድቅ፣ ቦርዱ እስኪሰበሰብ፣ ደብዳቤው እስኪጻፍ ድረስ ገንዘብ ቀድሞ የያዘ ክለብ ጥሩ ጥሩውን ልጅ አስፈርሞ ይሄዳል። ከዚያ በመስከረም አዲስ ቡድን ይሰበሰባል፤ እርስ በርሱ ሳይተዋወቅ ውድድር ይገባል። በሚቀጥለው ሐምሌ እንደገና ይበተናል። እኛ ክረምት ብለን የምንጠብቀው ወር ለክለቦቻችን የመፍረሻ ወር ሆኗል።

የጅማን ታሪክ ማንሳት እፈልጋለሁ፤ የምዕራቡ የቡና አገር ትልቁ የኳስ ታሪክ እሱ ነውና። ጅማ አባ ቡና በ2009 ዓ.ም. በፕሪምየር ሊግ ተጫውቶ በዓመቱ ወረደ። ጅማ አባ ጅፋር በተራው አደገና በ2010 ዓ.ም.፣ በመጀመሪያው የፕሪምየር ሊግ ዓመቱ፣ ዋንጫውን አነሳ። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ያን ዓመት ከጅማ እስከ ሚዛን ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር። ቀጥሎስ? ኦኪኪ ለቀቀ። አሠልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ ወደ መቐለ ሄደው በ2011 ዓ.ም. መቐለ 70 እንደርታን የዋንጫ ባለቤት አደረጉ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ መድንን ለዋንጫ አበቁ። ጅማ አባ ጅፋር ግን በ2014 ዓ.ም. ከፕሪምየር ሊጉ ወረደ። ዋንጫ ካነሳ ገና አራት ዓመቱ ነበር። ችሎታ ነበር፣ ተመልካች ነበር፣ ሜዳም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ከዓመት ይዞ የሚያቆይ መሠረት ግን አልነበረም።

ይህን መሠረት ማን ያኖረዋል? መልሱን ከሩቅ አገር አገኘሁት። ካናዳውያን ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት የራሳቸው የሆነ እግር ኳስ አላቸው። ሊጋቸው ዘጠኝ ቡድኖች ብቻ አሉት። ውድድሩ በሰኔ አካባቢ ተጀምሮ በኅዳር፣ ከ1909 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሸለመው ግሬይ ካፕ ዋንጫ ያበቃል። ከዚያ በረዶው ይወርዳል፤ ደጋፊው ከስድስት ወር በላይ ያለ ኳስ ይቀመጣል። በኮቪድ ጊዜ የ2020 እ.ኤ.አ. ውድድር ጨርሶ ስለተሰረዘ ከኅዳር 2012 እስከ ሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ አንድም ጨዋታ ሳያዩ ቆይተዋል።

ከእነዚህ ቡድኖች አንዱ የሳስካችዋን ራፍራይደርስ ነው፤ በ1910 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ። አገሩ የስንዴ አገር ነው፤ ሰፊ እርሻና ትንንሽ ከተሞች። ክለቡ ያለባት ሬጃይና በ2021 እ.ኤ.አ. ከሩብ ሚሊዮን ያነሰ ሕዝብ ነበራት። እንዲህ ያለ ቦታ ከትልልቆቹ ከተሞች ጋር መወዳደር አይችልም ይባል ይሆናል። ክለቡ ግን የቆመው የሕዝቡ ስለሆነ ነው። ደጋፊው አክሲዮን ገዝቷል፤ አክሲዮኑ ትርፍ አይከፍልም፤ የሚሰጠው በዓመታዊ ጉባኤ ላይ ድምፅ ነው። ክለቡ በዕዳ ሊዘጋ በተቃረበባቸው ዓመታትም ገበሬውና ነጋዴው አዋጥቶ አድኖታል። ይህ ሁሉ ሥራ ሜዳው በበረዶ በተሸፈነበት ወቅትም አይቋረጥም፤ አባል ይመዘገባል፣ የዓመቱ ትኬት ይሸጣል፣ ማልያ ይሸጣል። ለእነሱ ጨዋታ የሌለበት ወቅት ክለቡን የሚያጠናክሩበት ጊዜ ነው።

ይህ ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በእኛ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ የእግር ኳስ ውድድርና የባህል በዓል ያካሂዳሉ። መንግሥት በጀት አልመደበላቸውም። በየከተማው ያለው ቡድን በአባላቱ መዋጮና ጉልበት ነው የቆመው። የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊዎችም ማኅበር አላቸው፤ ማልያ ለብሰው፣ የቤተሰብ ሩጫ ሮጠው ለክለባቸው ገቢ ሲያስገኙ አይተናል። እድርና እቁብ ባለበት አገር፣ ሰው በወር በወር አዋጥቶ ሐዘንተኛን በሚያስተዛዝንበት አገር፣ አዋጥቶ ክለብ ማቆም እንዴት ያቅታል?

«ገበሬው ከየት አምጥቶ?» የሚል አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ክረምት የቡና ገበሬ ኪሱ የሚሳሳበት ወቅት ነው። አምና የሸጠው አልቋል፤ የዘንድሮው ገና አልቀላም። ግን ገንዘቡ መቼ እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እሸቱ ሲመዘን፣ ቀጥሎም ጀንፈሉ ሲሸጥ ነው። የኳሱ ውድድር የሚጀምረውም በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ ደጋፊው በክረምት ይመዝገብ፣ በለቀማ ይክፈል። መዝገቡ በሐምሌና በነሐሴ ይከፈት። አርሶ አደሩ በሚያውቀው በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል፣ የከተማው ሰው ደግሞ በቀበሌና በመሥሪያ ቤቱ ይመዝገብ። ክፍያው ቡናው በሚሸጥበት ወቅት፣ በፈቃዱ በፈረመው መሠረት ይሰብሰብ።

ሒሳቡን እንየው። አንድ ቤተሰብ በዓመት 100 ብር ቢከፍል፣ 5 ሺህ ቤተሰብ ግማሽ ሚሊዮን ብር ያዋጣል። ይህ ለክለብ ዓመታዊ ወጪ አይበቃም፤ አውቃለሁ። በጀቱ መቆየት አለበት፤ የቡና ዩኒየኖች፣ ላኪዎችና ትልልቅ እርሻዎችም ድርሻቸውን መውሰድ አለባቸው። አገሪቱ በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች፤ ጌሻ የሚባለው፣ በዓለም ገበያ እጅግ ውድ ከሆኑት ቡናዎች አንዱ፣ ዝርያው የተገኘው ከዚሁ ከእኛ ጫካ ነው። ይህን ቡና የሚያለማ ሕዝብ አንድ የቆመ ክለብ ቢኖረው አይበዛበትም።

የ5 ሺው ቤተሰብ መዋጮ ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። 5 ሺህ ጠያቂ ያቆማል። ቦርዱ ማንን እንዳስፈረመ፣ ገንዘቡ የት እንደገባ፣ የተጫዋቹ ደሞዝ ለምን እንደዘገየ በጉባኤ ተነስቶ የሚጠይቅ አባል ይኖራል። አንድ አባል አንድ ድምፅ ይኑረው፤ ሺህ ብር የከፈለውም መቶ ብር የከፈለውም እኩል ይጠይቅ። ባለሥልጣን ሲቀየር ክለቡ አብሮ እንዳይቀየር የሚያደርገው ይህ ነው።

ሁለተኛው ሐሳቤ ቡድኑን ወደ ቤቱ ስለ ማምጣት ነው። የሊጉን አሠራር እኛ ከዚህ ሆነን አንለውጠውም። ከሊጉ በፊት ያለው ጊዜ ግን የእኛ ነው። አዲስ አበባ ውድድሩ ሳይጀመር የከተማ ዋንጫ ስታዘጋጅ አይተናል፤ ክለቦቿም ተፈትሸውበታል፣ ደጋፊም አይቶበታል። ክልላችን ከተመሠረተበት ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ ማዕከሎቹ ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ቴፒና ተርጫ ናቸው። በእነዚህ ከተሞች እየዞረ የሚካሄድ የቡና ዋንጫ ለምን አይኖረንም? የከፋ፣ የቤንች ሸኮ፣ የሸካ፣ የዳውሮ፣ የኮንታና የምዕራብ ኦሞ ቡድኖች ዝናቡ ቀነስ ሲል በየተራ ይገናኙ። አንዱ ዓመት ቴፒ፣ ሌላው ዓመት ቦንጋ። ለዚህ የዓለም አቀፍ ደረጃ ስታዲየም አያስፈልግም። ውኃው የሚወርድበት ቦይ የተቆፈረለት፣ ሣሩ የተከረከመ፣ ዙሪያው የታጠረ ሜዳ ይበቃል። ይህ ደግሞ በክረምት ወጣቱ በበጎ ፈቃድ በሚወጣበት ወቅት ሊሠራ የሚችል ነው።

ልጆቹም በክረምት ቤታቸው ናቸው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ በየሰፈሩ በጭቃ ላይ፣ በባዶ እግራቸው፣ ድንጋይ ግብ አድርገው ይጫወታሉ። የቀበሌና የትምህርት ቤት ውድድር የሚያምረው አሁን ነው። የክለብ አሠልጣኝ ከሩቅ ተጫዋች ከማፈላለጉ በፊት እነዚህን ሜዳዎች ይዙር። ከ17 ዓመት በታች ቡድን ይያዝ፤ ከዚያ ቡድን በየዓመቱ ወደ ዋናው የሚያድግ ልጅ ይኑር። እናቱ ገበያ ላይ ኮረሪማ የምትሸጥ ልጅ ለከተማው ቡድን ሲሰለፍ፣ ያን ቡድን በሐምሌ ማንም በቀላሉ አይበትነውም። ሰፈሩ ሁሉ ይጠይቃልና።

የቡና ገበሬ ክረምትን ሥራ የሚፈታበት ወቅት አያደርገውም። ማሳውን ይመነጥራል፣ ችግኙን ያወርዳል፣ የጥላ ዛፉን ያስተካክላል፤ በታኅሣሥ የሚመዘነው ፍሬ የሚሞላው በእነዚህ ወራት መሆኑን ያውቃል። የኳስ ሰውም ይህን ማወቅ አለበት።

ስለዚህ ለክለብ ቦርዶች፣ ለክልሉ የስፖርት ቢሮ፣ ለዩኒየኖች መሪዎችና ከሁሉም በላይ እንደኔ ላሉ ደጋፊዎች የምለው አንድ ነው። የዝውውር ወሬ ይቆየን። ነሐሴ ሳያልቅ የአባላት መዝገብ ይከፈት፤ የመጀመሪያው ጉባኤ በጳጉሜን ይጠራ፤ በጉባኤው የክለቡ ያለፈው ዓመት ሒሳብ ለሕዝብ ይነበብ። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ፈቃደኛ ቦርድና የሚመዘገብ ሕዝብ ይበቃል። እኔና ጓደኞቼ ለመመዝገብ ዝግጁ ነን፤ መዝገቡን የሚከፍት ይውጣ።