የአማርኛ ሞጁላችሁን ስክሪን ሪደር ያነበዋል?

እዚህ በርክ አጠገብ ያሉት ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲና የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የመንግሥት ተቋማት ናቸው። ስለዚህ የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር በኤፕሪል 2024 ያወጣው ደንብ ይመለከታቸዋል፤ በኢንተርኔት የሚሰጡት ኮርስ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪም እንዲመች ደብሊውካግ 2.1 የተባለውን መስፈርት እንዲያሟላ ያዝዛል። ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። ግን ሕጉን ትተን ፋይሉን እንክፈተው።

የአማርኛ ሞጁል በቆዩት የቪዥዋል ግዕዝ ወይም የፓወር ግዕዝ ፎንቶች ከተጻፈ፣ «ሀ» የምትመስለው ፊደል ከሥሯ ያለው ኮድ የላቲን ነው። ዓይን ይሸወዳል። ኤንቪዲኤን የመሰለ ስክሪን ሪደር ግን የሚያነበው ኮዱን ስለሆነ፣ ለዓይነ ስውሩ ተማሪ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ይደረድርለታል። ስካን ተደርጎ የተጫነው ደግሞ ይብሳል፤ ፎቶ ነውና የሚነበብ ነገር የለውም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬም በአሮጌው ፎንት መጻፍ፣ በእኔ እምነት፣ ስንፍና ነው።

«ጥሩ የአማርኛ ድምፅ እስኪሠራ እንጠብቅ» የሚሉ ፕሮግራመሮች አሉ። አልስማማም። ኢስፒክ ድምፁ ማሽን ማሽን ቢልም አማርኛ ያነባል። ነገ የሚመጣው ምርጥ ድምፅም ቢሆን የላቲን ኮድ ከተሰጠው ላቲን ነው የሚያነበው።

እስቲ ከሞጁላችሁ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉ። ላቲን ከወጣ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት። ከዚያ በድረ ገጹ ኮድ ላይ ቋንቋው አማርኛ መሆኑን የሚናገረውን መለያ አስገቡ፤ ያለሱ የእንግሊዝኛው ድምፅ አንቀጹን ዘሎት ሊያልፍ ይችላል።