ተራ የሚቀበላቸው ያጡ እናቶች፦ በካፋ ልዩ ፍላጎት ላላቸው ወጣቶች ማን ይድረስ?

በካፋ ምድር ከመስከረም ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ የቡና ለቀማ ወቅት ነው። ትልቁም ትንሹም ቅርጫቱን ይዞ ወደ ቡናው ይወርዳል፤ የዓመቱ ልብስ፣ የልጆች ደብተር፣ የቤት ቆርቆሮ የሚገኘው በእነዚህ ሳምንታት ነው። የሃያ ዓመት ልጇ ብቻውን መብላት፣ መልበስና መጸዳዳት የማይችል እናት ግን በዚህ ወቅት ያላት ምርጫ ሁለት ነው። ወይ ለቀማውን ትታ ከልጇ ጋር ትውላለች፤ ወይ በር ዘግታበት ትሄዳለች።

ሁለተኛውን የሰማ ሰው «ምን ዓይነት ጨካኝ እናት ናት!» ለማለት ይቸኩላል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ፣ ስኪዞፍሬኒያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ስላለባቸው ሰዎችና ስለ ቤተሰቦቻቸው ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ ቤተሰብ ሰውን በገመድና በሰንሰለት እስከማሰር የሚደርሰው ሕክምናው ሲርቅ፣ ረዳት ሲጠፋና ሥራው ሊቀር የማይችል ሲሆን መሆኑን አሳይቷል። የአእምሮ ሕመምና የአእምሮ እድገት ውስንነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በቤት ውስጥ የሚሠራው ስሌት ግን ተመሳሳይ ነው፦ አንድ ሰው ሁለት ቦታ መሆን አይችልም።

ዛሬ ልናነሳው የፈለግነው ጉዳይ በአማርኛ ገና የረጋ ስም የለውም። አንዳንዱ «የእረፍት ክብካቤ» ይለዋል፤ እኛ «የማሳረፍ አገልግሎት» እንለዋለን። ሐሳቡ ቀላል ነው። አካል ጉዳተኛ የቤተሰብ አባል የሚንከባከብ ሰው ለጥቂት ሰዓታት፣ ለአንድ ቀን ወይም ለአንድ ሳምንት እፎይ እንዲል፣ የሠለጠነና የሚታመን ሌላ ሰው ተራውን ይቀበለዋል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የክብካቤ ሕግ የሚንከባከበው ሰው ራሱ ምን እንደሚያስፈልገው ተመዝኖ እንዲታይለት መብት ሰጥቶታል። ማለትም ታማሚው ብቻ ሳይሆን አስታማሚውም ይቆጠራል።

ይህ ለእኛ ባዕድ ነው እንዳንል፣ አራስ ቤት የምናደርገውን እናስታውስ። ጎረቤት ገንፎውን ይዛ ትገባለች፣ ሕፃኑን ትቀበላለች፣ እናቲቱ ገላዋን ታጥባ ጥቂት ትተኛለች። ይህ ማሳረፍ ካልሆነ ምን ይባላል? ልዩነቱ አራስነት በአርባ ቀን ማለቁ ነው። ልጇ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው እጅ የሚፈልግ እናት ዘንድ ግን፣ ከመጀመሪያዎቹ ወራት በኋላ «ልጁን እኔ ልያዝልሽ» ብሎ በር የሚያንኳኳ ይጠፋል።

ችግሩ የሚከፋው ደግሞ ልጁ ሲያድግ ነው። በአገራችን ያለው ጥቂት አገልግሎት በአብዛኛው ለሕፃናት የታሰበ ነው። ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የከፈተችው የጆይ ኦቲዝም ማዕከልም ሆነ ከዓመታት በኋላ የተቋቋመው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል ታላቅ ሥራ ሠርተዋል፤ «ኦቲዝም» የሚለው ቃል በሰፊው ሕዝብ ጆሮ የገባው በእነርሱና በመሰሎቻቸው ልፋት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀውና በአገራችንም የተሞከረው የተንከባካቢዎች ሥልጠና እንኳ ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ቤተሰቦች የተቀረጸ ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ያላት እናትስ? እርሷ ቦንጋ ከሆነች ደግሞ ርቀቱ ይጨመራል። አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጅማ ለመድረስ ብቻ እንኳ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ አለባት፤ በአውቶቡስ ውስጥ የሚጮህ ወጣት ይዞ ይህን መንገድ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የሄደው ነው።

በመምህርነት ባሳለፍናቸው ዓመታት ይህን በመዝገብ ላይ እናየው ነበር። እነዚህ ልጆች ዘግይተው ይገባሉ፤ አንድ ሁለት ዓመት ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ቁመታቸው ከክፍል ጓደኞቻቸው ሲበልጥ ስማቸው ይሰረዛል። ማንም አላባረራቸውም፤ ዝም ብለው ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ ቀኑ በሙሉ የእናት ወይም የእህት ነው። ብዙ ጊዜ ትምህርቷን የምታቋርጠው እህት መሆኗም ሊዘነጋ አይገባም።

ጉልበት ደግሞ አለ። ሕፃን በጀርባ ይታዘላል። ልጁ ስልሳ ኪሎ ሲሞላ የእናቱ ወገብ ተጎድቷል፤ እርሱ ሲጠነክር እርሷ ትደክማለች። በዚህ ላይ እኛ ሙስሊሞች በግልጽ ልንነጋገርበት የሚገባ ነገር አለ፦ ዐውራ። ለአቅመ አዳም የደረሰን ወንድ ልጅ ገላ ማጠብና ማጸዳዳት ለእናት በሸሪዓም በልማድም የሚከብድ ነው። ዶሩራ ስለሆነ ትሠራዋለች፤ አባትና ወንድሞች ግን ብዙ ቤት ውስጥ እጃቸውን አያስገቡም። ሴት ልጅ ከሆነች ጭንቀቱ መልኩን ይቀይራል። መናገር የማትችል፣ የደረሰባትን መንገር የማትችል ወጣት ሴት ብቻዋን ቤት መተው እናትን እንቅልፍ የሚነሳ ስጋት ነው፤ ስጋቱም መሠረት አለው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እንዲህ ያለች እናት ወደ መስጂዳችን ብትመጣ ምን ትሰማለች? በአብዛኛው «ሶብር አድርጊ፣ አጅርሽ ብዙ ነው» ትባላለች። እውነት ነው፤ የታጋሾች ምንዳ አላህ ዘንድ ታላቅ ነው። ነገር ግን ሶብር ለባለቤቱ የሚመከር እንጂ ለጎረቤት ማምለጫ የሚሆን አይደለም። ሌላው የሚነገራት «ጅን ነው፣ ዐይን ነው» የሚለው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች በ102 ተንከባካቢዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ ወደ ግማሽ የሚጠጉት በልጃቸው ሁኔታ ኀፍረት እንደሚሰማቸው አሳይቷል። እነዚህ ወደ ሐኪም ቤት የመጡት ናቸው፤ ያልመጡትን መገመት ነው። ሩቅያ በሸሪዓው ቦታው የታወቀ ነው። ሆኖም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትን ወጣት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው «ይወጣለታል» እያሉ ማንከራተት ቤተሰቡን ገንዘብ፣ ልጁንም ሰላሙን ያሳጣዋል። የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ መድኃኒት እያስተዉ ማንከራተት ደግሞ ለሕይወቱ አደጋ ነው።

ዲናችን በዚህ ጉዳይ ከምክር አልፎ ሥርዓት የሠራ ነው። የአእምሮ ብቃት የሌለው ሰው ከተክሊፍ ነጻ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ የማንናገረው ሌላኛውን ወገን ነው፦ ከእርሱ የተነሳው ግዴታ በዙሪያው ባሉት ላይ ይወድቃል። የኡመያው ኸሊፋ ወሊድ ኢብኑ ዐብዱልመሊክ (86–96 ዓ.ሂ.) መንቀሳቀስ ለማይችል ሁሉ አገልጋይ፣ ለዓይነ ስውር ሁሉ መሪ እንደመደበ የታሪክ ጸሐፊዎች፣ አጥ-ጦበሪን ጨምሮ ዘግበዋል። ልብ እንበል፤ የተሰጠው ሳንቲም ብቻ አልነበረም፤ ሰው ነው የተሰጠው። የዛሬ 1300 ዓመት ገደማ አንድ መንግሥት የአካል ጉዳተኛ ቤተሰብ የሚያጣው ዋናው ነገር የሰው እጅ መሆኑን ተረድቶ ነበር። ዑለማዎች ፈርዱ ኪፋያ የሚሉት ይህን ዓይነቱን ነው፤ ጥቂቶች ከሠሩት ከሁሉም ይነሳል፣ ማንም ካልሠራው ሁሉም ይጠየቃል።

የአገራችን ሕግም ዝም አላለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ያዛል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ የበለጠ ግልጽ ነው። አንቀጽ 28 በድህነት የሚኖሩ አካል ጉዳተኞችና ቤተሰቦቻቸው ከመንግሥት ሊያገኙት ከሚገባው እርዳታ መካከል ይህንኑ የማሳረፍ አገልግሎት በስሙ ጠርቶ ይዘረዝረዋል። እንግዲህ የምንጠይቀው ችሮታ አይደለም። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ከተመሠረተ ወዲህ ቦንጋ የክልሉ መስተዳድር መቀመጫ ሆናለች፤ ድሮ ሐዋሳ ድረስ ይወሰድ የነበረው አቤቱታ አሁን በእግር በሚደረስበት ርቀት ላይ ነው። የሴፍቲኔት ቀጥተኛ ድጋፍ በሚሠራባቸው አካባቢዎች ለእነዚህ ቤተሰቦች ገንዘብ መድረሱ መልካም ነው፤ ገንዘቡ ግን በለቀማ ቀን ልጁን አይጠብቅም።

መንግሥትን እየጠየቅን በእጃችን ያለውን እናስላ። ልጆች መደበኛ ትምህርት ቤት በሚውሉባቸው ጠዋቶች የመድረሳ ክፍሎች ባዷቸውን ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቢቻል የገበያ ቀን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ለአምስት ወጣት ወንዶች ቢከፈት፣ በሌላ ቀን ደግሞ ለሴቶች ቢሆን አምስት አምስት ሰዓት ይገኛል። ለወንዶቹ አሥር ወንዶች ሁለት ሁለት ሆነው ቢቆሙ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ተራው የሚደርሰው በአምስት ሳምንት አንድ ጊዜ ነው። ሴቶቹም እንዲሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እንዲህ ባለው ነው። በለቀማው ወራት ቀኑን መጨመር፣ በረመዳን ደግሞ እናቶች ተራዊሕ እንዲሰግዱ ጥቂት ምሽቶችን ማከል ይቻላል። ለዓመታት ጀማዓ ያልቆመች፣ ለቅሶ ያልደረሰች፣ የገዛ እህቷን ያልጠየቀች እናት ለእነዚህ ሰዓታት የምትሰጠውን ዋጋ ውጭ ሆነን አንተምነውም።

ነገር ግን በየዋህነት የሚከፈት በር ጉዳት ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ ጥንቃቄውን እዚሁ እንናገር። አንድ ሰው ብቻውን ከአንድ ወጣት ጋር ተዘግቶ መቆየት የለበትም፤ ሁልጊዜ ሁለት ይሁኑ፣ በሩም ክፍት ይሁን። ወንዶችን ወንዶች፣ ሴቶችን ሴቶች ይያዙ። ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ስላልተገባ፣ ማንነቱ በሰፈሩ ሰዎች ይመስከርለት፤ ስሙም ይመዝገብ። ጥፋት ከተፈጸመ ጉዳዩ ለፖሊስ መቅረብ አለበት፤ «የጀማዓችን ስም እንዳይጠፋ» ተብሎ በሽምግልና መሸፈን የለበትም። እያንዳንዱ ወጣት ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ የትኛውን መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደሚወስድ የተጻፈ አንድ ገጽ ይኑረው። ሚጥል በሽታ ያለበት ካለ፣ ሲጥለው ክብሪት ማሽተት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ መክተት፣ አጥብቆ መያዝ ይቅር። በጎኑ ይተኛ፣ ከሚጎዳው ነገር ይራቅ፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ገብረጻዲቅ ሻዎ ሆስፒታል ወይም ቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም ይወሰድ። ይህን ለማሠልጠን የጤና ባለሙያ ከግማሽ ቀን በላይ አያስፈልገውም።

የገንዘቡ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ድሃ ለሆነ ቤተሰብ በእጁ ዘካ መስጠት ግልጽ ነው፤ ከስምንቱ ባለ መብቶች ቀዳሚዎቹ ድሆችና ችግረኞች ናቸው። ለክፍል እድሳት ወይም ለሠራተኛ ደሞዝ ዘካን ማዋል ግን ዑለማዎች የተለያዩበት ስለሆነ፣ ለዚያ ሰደቃና ወቅፍ መመደብ ይሻላል። አንድ የቡና ነጋዴ የአንዲት ሱቅ ኪራይ ለዚህ ወቅፍ ቢያደርግ፣ የሁለት ሠራተኞች ደሞዝ በየወሩ ማን ኪስ ውስጥ እንዳለ መጠየቅ ይቀራል።

ካፋ ላይ ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ነው፤ ጎረቤቱ፣ እድርተኛው፣ የገበያ ደንበኛው ክርስቲያን ነው። ስለዚህ ክፍሉ ለሙስሊም ልጆች ብቻ ይሁን የሚል ሐሳብ ከመጣ አንደግፈውም። አምስቱን ወጣቶች ስንቆጥር ሁለቱ የጎረቤት ልጆች ቢሆኑ ሥራው ይሰፋል እንጂ አይጠብም፤ እድሮችም አብረው ቢገቡ የተረኞቹ ቁጥር ይጨምራል።

ከሁሉ በፊት ግን ቆጠራ ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ መስጂድ ዙሪያ ስንት እንዲህ ያሉ ቤቶች እንዳሉ የሚያውቅ ዝርዝር ሳይኖር ክፍል ማዘጋጀት አይቻልም። የመስጂድ ኮሚቴዎች ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ሆነው ቤት ለቤት ቢጠይቁ በጥቂት ሳምንታት ያልቃል። ሲጠይቁ «የታመመ ልጅ አለ ወይ?» ቢሉ ብዙዎች ይደብቃሉ። «በለቀማ ጊዜ ከቤት መውጣት የማይችል ሰው አለ ወይ?» ብለው ይጀምሩ፤ ሴቶች እኅቶችም አብረው ይሂዱ፣ እናቶች በነጻነት የሚናገሩት ለእነርሱ ነውና።