ብርዱ ለሁሉም፣ ጉዳቱ ላልተዘጋጀ

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 አጋማሽ ከሰሜን ዋልታ አቅጣጫ የወረደ ቀዝቃዛ አየር አሜሪካን ከካናዳ ድንበር እስከ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ወረራት። በሰሜን፣ በሚኒሶታዋ ሚኒያፖሊስ፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድን አልፎ ሄደ። በደቡብ፣ በቴክሳስዋ ሂውስተን፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ደረሰ። ሚኒሶታ ያንን ሳምንት እንደማንኛውም የብርድ ሳምንት አሳለፈችው። በቴክሳስ ግን ከ4 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት ጠፋባቸው፤ የውኃ ቧንቧ በየቤቱ ፈነዳ፤ የግዛቱ የጤና መሥሪያ ቤትም በመጨረሻ 246 ሟቾችን መዘገበ። 161 ሰዎችን የገደላቸው በቀጥታ ብርዱ ነው። ሌሎች 19 ሰዎች ደግሞ በካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ታፍነው ሞቱ። በዚያ ሳምንት በዚሁ ጋዝ ሕይወታቸው ካለፈ ሰዎች መካከል ከኢትዮጵያ ሄደው ሂውስተን ይኖሩ የነበሩ እናትና ትንሽ ልጅዋ ይገኙበታል።

ይበልጥ የቀዘቀዘችው ከተማ በእግሯ ስትቆም ቅዝቃዜው የቀለላት ወደቀች። የዚህ ምክንያት በሰማይ ላይ አይገኝም። የቴክሳስ የጋዝ ጉድጓዶችና የኃይል ማመንጫዎች ለውርጭ አልተዘጋጁም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ተመሳሳይ ብርድ ደርሶ፣ የፌዴራል ተቆጣጣሪዎች መሣሪያዎቹ ከቅዝቃዜ እንዲጠበቁ መክረው ነበር፤ ምክሩ በአብዛኛው ሳይፈጸም ቀረ። ቤቶቹም የተሠሩት ሙቀትን ለመከላከል በመሆኑ ቧንቧቸው በጣራ ሥርና በውጭ ግድግዳ ያልፋል። በሚኒሶታ ግን የግንባታ ደንቡ የቤት መሠረት ውርጭ ከማይደርስበት ጥልቀት እንዲጀምር ያስገድዳል፤ በሚኒያፖሊስ አካባቢ ከአንድ ሜትር በላይ፣ በሰሜኑ የግዛቱ ክፍል አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይቆፈራል።

የብርድ አገር ብርድ አይቀርም። በብርድ መሞት ግን በአብዛኛው ሊቀር የሚችል ነገር ነው። የሚያስቀሩትም አራት ነገሮች ናቸው፦ በወጉ የተሠራ ቤት፣ በወጉ የተለበሰ ልብስ፣ ተከራይንና ደሀን የሚጠብቅ ሕግ፣ በጊዜው የደረሰ መረጃ። ከአራቱ ወደ ስደተኛው ዘግይቶ የሚደርሰው መረጃው ነው። ለማድረስ የሚጠይቀው ወጪ ከሁሉም ያነሰ ሆኖ ሳለ ሰው በመረጃ እጦት መሞቱ ሊያስቆጣ ይገባል።

በብርድ መሞት ሊቀር እንደሚችል የሚያሳይ ማስረጃ ከዓለም እጅግ ቀዝቃዛ ከተሞች አንዷ ከሆነችው ከሳይቤሪያዋ ያኩትስክ ይገኛል። ከ300 ሺህ በላይ ሕዝብ ያላት ይህች ከተማ በጥር ወር አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች 38 ዲግሪ ገደማ ነው። መሬቷ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ስለሆነ ሕንፃዎቿ በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ ይቆማሉ፤ ያለዚያ የቤቱ ሙቀት ከሥሩ ያለውን አፈር አቅልጦ ሕንፃውን ያዘመዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመ ጥናት በከተማዋ በዕድሜ የገፉ ነዋሪዎችን ሞት ከቅዝቃዜው ጋር ሲያመሳክር፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 48 ዲግሪ ሲደርስ እንኳ አጠቃላዩ የሞት መጠን እንዳልጨመረ አገኘ። አጥኚዎቹ ምክንያቱን ያገኙት በሰዎቹ ልማድ ውስጥ ነው። የያኩትስክ ሰው ደራርቦና ፀጉራም ቆዳ ለብሶ ይወጣል፣ ብርዱ ሲበረታ የውጭ ጉዳዩን ይቀንሳል፣ ቤቱንም በሚገባ ያሞቃል።

የተቃራኒው ምሳሌ ፖርቱጋል ነው። ጆናታን ሂሊ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ሥራ 14 የአውሮፓ አገሮችን አነጻጽሮ፣ በብርድ ወራት የሚጨምረው ሞት ከሁሉም የባሰው በፖርቱጋል መሆኑን አሳየ። ጭማሪው በፖርቱጋል 28 በመቶ ሲሆን በፊንላንድ 10 በመቶ ነበር። ሊዝበን በጥር እንኳ ከዜሮ በታች የምትወርደው ከስንት አንዴ ነው። የፊንላንድ ቤቶች ድርብ ወይም ሦስት ድርብ መስታወትና ወፍራም የግድግዳ ሙሌት አላቸው፤ የፖርቱጋል ቤቶች ግን ብርዱን እንደሚያልፍ እንግዳ ቆጥረው የተሠሩ ናቸው።

ለኢትዮጵያውያን ይህ ጉዳይ የሩቅ ወሬ አይደለም። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ዙሪያ ከኢትዮጵያ የሄዱ ሰዎችና ልጆቻቸው በአሥር ሺዎች ይኖራሉ። ሚኒሶታ ደግሞ በብርድ ቀልድ አታውቅም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1996 ታወር በተባለች ትንሽ ከተማ ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ሚኒያፖሊስ ራሷ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ደርሳ፣ ነፋሱ ሲታከልበት ገላ ላይ የሚሰማው 48 ያህል ሆኖ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎትም ደብዳቤ ማደሉን አቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን የተገለጠ ጆሮ ወይም ጣት በደቂቃዎች ውስጥ ውርጭ ይመታዋል።

እንዲያ ያሉት ቀናት በዓመት ጥቂት ናቸው። ሰውን የሚያደክመው ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚዘልቀው የየዕለቱ ልፋት ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው፤ 10 ሰዓት ተኩል ሲሆን ትጠልቃለች። በመጋዘን፣ በአረጋውያን መጦሪያ ወይም በአውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራ ሰው በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ይመለሳል። ከመውጣቱ በፊት የመኪናውን መስታወት ይፍቃል፣ ደጁን በአካፋ ይጠርጋል። በሚኒያፖሊስ የአንድ ቤት ባለቤት በረዶው ባቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ በቤቱ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ ማጽዳት ግዴታው ነው። በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ አቅሙ ይደክማል፤ ያኔ አስፋልቱ ላይ የማይታይ ስስ በረዶ ይቀራል፣ ሰው ይወድቃል፣ መኪና ይንሸራተታል።

አለባበሱም ትምህርት ይጠይቃል። አዲስ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ወፍራም ጃኬት የሚበቃው ይመስለዋል። ነባሮቹ ግን ይደራርባሉ፤ ከገላ ጋር ላብ የማይዝ ስስ ልብስ፣ ከላዩ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ነፋስ የማያስገባ ካፖርት። የጥጥ ልብስ ላብን ይዞ ስለሚቀር ገላን ያቀዘቅዛል። አራቱ ጣቶች በአንድ ከረጢት የሚገቡበት ጓንት ጣቶቹን ከሚለያየው ይበልጥ ያሞቃል። መኪና ውስጥ ብርድ ልብስና አካፋ ይቀመጣል፤ ነዳጅ ከግማሽ በታች እንዲወርድ አይተውም። በበረዶ ተይዞ የቆመ መኪና ሞተር ከመነሳቱ በፊትም የጭስ ማውጫው መጠረግ አለበት፤ ከተደፈነ መርዙ ወደ ውስጥ ይመለሳል።

ሕጉስ? ሚኒሶታ በዚህ ረገድ ለብዙዎች አርአያ መሆን የምትችል ናት። ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ባለው ጊዜ የማሞቂያ ጋዙን ወይም መብራቱን መክፈል ያቃተው ቤተሰብ እንዳይቋረጥበት የሚጠብቅ ደንብ አላት። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ደግሞ፣ የቤቱን ማሞቂያ የሚቆጣጠረው አከራዩ ከሆነ፣ በእነዚሁ ወራት ቤቱን ቢያንስ 20 ዲግሪ አድርጎ ማሞቅ ሕጋዊ ግዴታው ሆኗል። በፌዴራል ደረጃም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች የማሞቂያ ወጪ የሚረዳው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ አለ።

ነገር ግን ከመቋረጥ የሚጠብቀው ደንብ በራሱ አይነሳም። ደንበኛው ለድርጅቱ ደውሎ በአቅሙ የሚከፍልበትን ስምምነት መግባትና ስምምነቱን መጠበቅ አለበት። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ማንበብ ያልቻለ፣ ወይም በዕዳው አፍሮ የዝምታን መንገድ የመረጠ ሰው ሕጉ እያለለት ያለ ሕግ ይቀራል። አከራዩን «ቤቱ በረደን» ብሎ መጠየቅ እንደ ልመና የሚቆጥርም አለ። መብት መሆኑን የነገረው የለማ!

ከሁሉም አስቸኳይ የሆነው የከሰል ጉዳይ ነው። ከሰል በኢትዮጵያውያን ቤት የቡናና የዕጣን ማዕድ አጋር ነው፤ ባገር ቤት ግን ብዙ ጊዜ በር ክፍት ነው፣ ግድግዳውም አየር ያስገባል። ለብርድ የተሠራ ቤት ሙቀት እንዳያመልጥ ተብሎ ቀዳዳው ሁሉ የተደፈነ ነው። እዚያ ውስጥ የተቀጣጠለ ከሰል ቤቱን ሽታም ቀለምም በሌለው መርዝ ይሞላዋል፤ ሰው የሚሰማው እንደ ራስ ምታትና እንቅልፍ ያለ ስሜት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 ከባድ ነፋስ የሲያትልን መብራት ባጠፋ ጊዜ ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው ከተመረዙት መካከል ብዙዎቹ ስደተኞች ነበሩ። ሲያትል ታይምስ ጋዜጣ ያኔ የፊት ገጹን ለማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በበርካታ ቋንቋዎች አተመው። የሚያስመሰግን ተግባር ነው። የደረሰው ግን ሰዎች ከታመሙና ከሞቱ በኋላ ነው። በሚኒሶታ ሕግ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል ከ3 ሜትር ባልራቀ ቦታ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም መኖር አለበት። በቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ2021 እንዲህ ያለ ግዛት አቀፍ ግዴታ በየቤቱ አልነበረም።

ስለ ብርድ አገር ሲወራ እምብዛም የማይነሱት አረጋውያን ናቸው። የልጅ ልጅ ለማሳደግ ከአዲስ አበባ፣ ከደሴ ወይም ከጎንደር የሚሄዱ እናቶች፣ ጎረቤት ተጠራርቶ ቡና ከሚጠጣበት ሰፈር ተነስተው ለአምስት ወር በር ወደማይከፈትበት ቤት ይገባሉ። ጧት ልጅና የልጅ ልጅ ሲወጡ ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ናቸው። መውደቅን ፈርተው ደጅ አይወጡም። ጥምቀት እንኳ የሚውለው የሚኒሶታ ብርድ ጫፍ በሚነካበት ሳምንት ነው። ሐኪሞች ደግሞ ሌላ ችግር ይጨምራሉ። ከምድር ወገብ ያን ያህል በራቀ ሥፍራ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው የፀሐይ ብርሃን ቆዳ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት አይበቃውም፤ ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ከመጀመሪያውም ይበልጥ ብርሃን ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከሐኪም ተመካክሮ ቫይታሚኑን መውሰድ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም፤ ከቤት ወጥቶ ጥቂት መንቀሳቀስም እንዲሁ። የሚኒያፖሊስ መሐል ከተማ ሕንፃዎች እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በተዘረጉ ስካይዌይ በሚባሉ የተሸፈኑ ድልድዮች ስለተያያዙ አንድ ሰው ብርድ ሳይነካው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሊሄድ ይችላል። ወደዚያ የሚወስዳቸው ሰው ግን ያስፈልጋል።

የብርድ ወራት ደስታም አላቸው። ሴንት ፖል እ.ኤ.አ. ከ1886 አንስቶ የምታከብረው የክረምት ካርኒቫል የበረዶ ቤተ መንግሥት በመሥራት ይታወቃል፤ በሐይቆቹ ላይ ሰው በረዶውን ሰርስሮ ዓሣ ያጠምዳል። እዚያ የተወለዱት የኢትዮጵያውያን ልጆች ወላጆቻቸው በሚፈሩት በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ ያድጋሉ። ለዚህም ቢሆን ማወቅ ይቀድማል፤ የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በእግር ለመሄድ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ በረዶ እንዲኖር ይመክራል።

እንግዲህ ሥራው የማን ነው? የከተማ አስተዳደሮችና የመብራትና ጋዝ ድርጅቶች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤያቸውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሶማልኛ የማዘጋጀት ኃላፊነት አለባቸው። የበረዶ ማጽጃ መኪና ሲወጣ መኪና በየትኛው የመንገድ ጎን እንደማይቆም የሚናገረው መልእክትም እንዲሁ። ቅጣቱና የመኪናው መጎተት ከሁሉ የሚከብደው በሰዓት ደመወዝ ለሚኖረው ነውና።

የቀረው የማኅበረሰቡ ነው፤ ለዚህም የተመቸ ቀን አለ። እንቁጣጣሽ የሚውለው ከመቋረጥ የሚጠብቀው ደንብ ሥራ ሊጀምር ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው። ሰው በአብያተ ክርስቲያናትና በማኅበራት አዳራሽ በብዛት የሚሰበሰብበት ጊዜ ነው፤ መስጊዶችም ከዚያው ሰሞን አንዱን ጁምዓ ሊመርጡ ይችላሉ። በዚያ ዕለት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ለአዲስ መጤ የሚሆን ያገለገለ ካፖርትና ጫማ ይሰብሰብ፤ የማሞቂያ ድጋፍ ማመልከቻ የሚሞላ ቋንቋ አዋቂ ወጣት ይቀመጥ፤ አላርም ለሌለው ቤት አላርም ይታደል፤ ከሰል ቤት ውስጥ እንደማይነድ ከመድረክ ይነገር። እድሮችም ብቻቸውን የሚውሉ አረጋውያንን ስልክ ይመዝግቡ፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ባለፈ ቁጥር ማን ለማን እንደሚደውል አስቀድመው ይደልድሉ። አዲስ አበባ ያሉ ቤተሰቦችም በታኅሣሥና በጥር የሚሄድ ዘመድ ሲኖራቸው ካፖርቱና ጫማው አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ እንዲመጣለት ተቀባዩን ከወዲሁ ያሳስቡ።